ግንብ፣ ግቢ፣ ቤተ መንግሥት፣ ቪላ፦ የቱ ለየቱ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። እንግሊዝኛው አንድ ቦታ ‹ካስል› ይላል፣ ሌላ ቦታ ‹ፓላስ› ይላል። እኛ ደግሞ ‹ግንብ›፣ ‹ግቢ›፣ ‹ቤተ መንግሥት› እንላለን። አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ‹ይሄ ካስል ከሆነ ምሽጉ የታለ?› ብሎ አፋጠጠኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ትክክለኛውስ የቱ ነው? ሌላም አለኝ። አጎቴ አዘዞ ያለውን ቤቱን ለእንግዳ ሊያከራይ ነው። ‹ቪላ› ልበለው ወይስ ‹ማንሽን› እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።»

እህቴ፣ ጀርመናዊው እንግዳሽ ነገረኛ ሆኖ አይደለም። የራሱ ቋንቋ ነው ያስቸገረው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን እነዚህ ቃላት የቤት ሜትር አይደሉም። እስከዚህ ካሬ ድረስ ቪላ፣ ከዚያ ከፍ ሲል ፓላስ፣ ከዚያ በላይ ቤተ መንግሥት የሚባል ደረጃ የለም። እያንዳንዱ ቃል ቤቱን የሚጠራው በአንድ ጎኑ ነው። አንዱ በተሠራበት ነገር ይጠራዋል፣ አንዱ በአጥሩ፣ አንዱ ውስጡ በሚሠራው ሥራ፣ አንዱ በቆመበት ኮረብታ። ስለዚህ አንድ ቤት ሦስት አራት ስም ቢኖረው እርስ በርስ አይጣላም። ቃሉ ቤቱን ከየትኛው ጎን ነው የያዘው ብለሽ ከጠየቅሽ ግማሹ ጣጣ ያልቃል።

ከግንብ እንጀምር፤ የጎንደር ሰው አፍ ላይ ያለው እሱ ነውና። ግንብ የሚለው ቃል ስለ ንጉሥ አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ ነው። ገነባ፣ ግንበኛ፣ ግንባታ የሚሉት ሁሉ ከዚያው ናቸው። የጎረቤትሽ አጥር ግንብ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው የባቢሎን ግንብ ደግሞ ማማ ነው። ታዲያ ሕዝቡ የአፄ ፋሲልን ቤት ግንብ ያለው ለምንድን ነው? በዚያ ዘመን የአብዛኛው ሰው ቤት እንጨትና ጭቃ ነበር፣ ክዳኑም ሣር። በድንጋይና በኖራ የቆመ ቤት ራሱ ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ተልኮ ጎንደር የገባው ሐሰን አል-ሐይሚ ስለ ንጉሡ ቤት ሲጽፍ ዓይኑን የሳበው ይኸው ድንጋይና ኖራ ነው። ከተማዋ ያኔ ገና ልጅ ናት። ፋሲል ጎንደርን መቀመጫ ካደረጉ ከ1636 ወዲህ ገና 12 ዓመት ነው።

ይህንን እንግዶችሽን ግድግዳው ጋ ጠጋ አድርገሽ ብታሳዪያቸው ይሻላል። ድንጋዩ ጥቁርና ሻካራ ነው። በሩና መስኮቱ ዙሪያ ግን ቀላ ያለ ድንጋይ በቅስት ተደርድሯል። በድንጋዮቹ መሐል የተሞላው ነጣ ያለው ነገር ኖራ ነው። ግንብ የሚለውን ስም ያመጣው ያ ነጭ ነገር ነው ብትያቸው አልዋሸሽም።

ቃሉ ስለ ድንጋይና ኖራ ስለሆነ ከነገሥታት ቤት ውጭም እንደ ልቡ ይሄዳል። ራስ ግንብ ከግቢው አጥር ውጭ ነው። ጎርጎራ አካባቢ የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ፤ ማርያም ግንብ ይባላል። ግንብ መሥራትም ከፋሲል አልጀመረም። ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ እንፍራንዝ አጠገብ ያለው ጉዛራ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። «ሁሉን ፋሲል ጀመሩት» የሚል አስጎብኚ ስሰማ ትንሽ ያመኛል፤ አንቺ እንደዚያ አትበይ።

ግቢ ሌላ ጎን ነው። ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ዙሪያው ነው የሚያወራው። ‹ገባ› ከሚለው የወጣ ነው፤ ታጥሮ በበር የሚገባበት ቦታ ማለት ነው። የጎንደር ነገሥታት ቤት ደግሞ አንድ ቤት አይደለም። ፋሲል የራሳቸውን ሠሩ። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ጨመሩ። አድያም ሰገድ ኢያሱ ጨመሩ። ዳዊት፣ በካፋ፣ በኋላም እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን አቆሙ። የአባቱን ቤት ወርሶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አልነበረም። ይህ ሁሉ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ ተሰብስቧል። ይህንን ‹አንድ ካስል› ማለት ያስቸግራል፤ ‹ግቢ› ሲባል ግን ልክ ይመጣል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ቃሉን ለመተርጎም አልሞከረም። ‹ፋሲል ግቢ› ብሎ እንዳለ ነው የወሰደው። እኔ ብሆን እንግዳ ፊት በኩራት ‹ግቢ› ብዬ እጠራው ነበር። ከዚያ ትርጉሙን ማስረዳት ነው።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። ሩስያውያን ቤተ መንግሥትን ‹ድቮሬትስ› ይሉታል፤ ‹ድቮር› ማለት ደግሞ ግቢ ነው፣ የማንም ሰው ግቢ። የእንግሊዞቹ ‹ኮርት› መጀመሪያ የታጠረ ግቢ ነበር። በኋላ የንጉሡ ግቢና በዙሪያው ያለው ባለሟል ሁሉ በዚያ ስም ተጠራ። ንጉሡ ፊት ፍርድ ይታይ ስለነበር ፍርድ ቤቱም ኮርት ሆነ። ዛሬ ቴኒስ መጫወቻውም ኮርት ነው። ከዘውድ እስከ ቴኒስ ኳስ በአንድ ቃል!

የእኛው ግቢም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ድሮ ‹ግቢ ገባ› ከተባለ ንጉሥ ቤት አገልጋይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ‹ግቢ ገባች› ከተባለ ዩኒቨርሲቲ ገባች ማለት ነው። ‹ግቢ ጠራን› ሲሉ ልጆቹ ሻንጣ እያዘጋጁ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአካል የተገናኙበት ቦታም አለ፤ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። የንጉሥ ግቢ የተማሪ ግቢ ሆነ። ጎንደር ላይማ ጉዱ የባሰ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አፄ ፋሲል ግቢ የሚባል አለው። ባጃጅ ላይ ወጥተሽ ‹ፋሲል ግቢ› ስትዪ «ግንቡ ነው ዩኒቨርሲቲው?» ብሎ የሚጠይቅ ሾፌር ካጋጠመሽ አትሳቂበት፤ ልክ ነው። እዚህ ላይ ‹ግንብ› የሚለው ቃል ለከተማው ሰው ያለው ጥቅም ገባሽ አይደል?

ስለ ግቢ ካነሳን በሮቹን ዘልሎ ማለፍ አይሆንም። 12 በር ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ ስማቸውም ማን በየት ይገባ እንደነበር ይናገራል። ወምበር በር የዳኞች ነው፤ ወምበር ማለት በዚያ ዘመን ዳኛው ራሱ ነውና። ባልደራስ በር የፈረስና የበቅሎው አዛዥ ነው። ራስ በር ‹ራስ› የሚባለው ሹም የሚገባበት ነው። እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ተዝካሮ በር ለተዝካር የሚመጡት፣ እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ የግል ክፍል የሚያደርሰው። ፊት ለፊት ያለው ጃን ተከል በር ነው፤ ጃን ተከል ዋርካን የምታውቂው ነው። ያ ‹ጃን› ጃንሆይ ላይም ጃን ሜዳ ላይም ያለው ነው፤ የንጉሥ ነገር መሆኑን ይነግርሻል። አስጎብኚዎች በሮቹን በቁጥር ብቻ ሲያልፏቸው ይቆጨኛል። ግቢው እንዴት ይሠራ እንደነበር ከግንቡ ይልቅ የበሮቹ ስም የተሻለ ያስረዳል።

በርና ቤት ሰውን ወክለው መጠራታቸው ደግሞ የዓለም ነገር ነው። የቱርክ መንግሥት ‹ባብ አሊ› ይባል ነበር፤ ከፍ ያለው በር ማለት ነው። የጃፓኑ ንጉሥ ‹ሚካዶ› ሲባል የተከበረው በር ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፈርዖን ነው። የጥንት ግብጾች ቃል ሲሆን ‹ትልቅ ቤት› ማለት ነው። መጀመሪያ የቤቱ ስም ነበር፤ በኋላ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ስም ሆነ።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥት። ቃሉን ልብ ብለሽ እዪው፤ ‹ቤተ ንጉሥ› አይደለም። የሰውዬው ቤት ሳይሆን የመንግሥቱ ቤት ነው። ይህ ቃል ስለ ድንጋይ ምንም አይልም፣ ስለ ስፋትም ምንም አይልም። የሚለው ‹ከዚህ ሆኖ አገር ይገዛል› ነው። ለዚህ ነው ዜና አንባቢዎቻችን የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ቤት ‹ነጩ ቤተ መንግሥት› የሚሉት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ‹ነጭ ቤት› ነው የሚሉት፤ ንጉሥ የለንም የሚሉ ሰዎች ናቸውና ፓላስ ማለት አይሆንላቸውም። አማርኛ ግን ችግር የለበትም። መንግሥት እስካለበት ድረስ ቤተ መንግሥት ነው፣ ንጉሥ ኖረ አልኖረ።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቤቶችን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለዘውዱ 25ኛ ዓመት የተሠራው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ሄዱ፣ ኢዮቤልዩ የሚለውም ስም ሄደ። ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥትነቱ አልለቀቀውም፤ ከንጉሡ በኋላም መንግሥት ገብቶበታላ። ገነተ ልዑልስ? ድንጋዩ ያው፣ ደረጃው ያው። ግን ዛሬ ማንም ‹ቤተ መንግሥት ሄጄ መጣሁ› አይልም፤ ስድስት ኪሎ ነበርኩ ነው የሚለው። ሥራው ሲወጣ ቃሉም አብሮ ወጣ።

ስለዚህ የፋሲልን ቤት ቤተ መንግሥት ስትዪው ታሪኩን መናገርሽ ነው፤ ግንብ ስትዪው ዓይንሽ የሚያየውን። ሁለቱም ያስኬዳል። ከፋሲል በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ነገሥታት ደግሞ ቤተ መንግሥታቸው ድንኳን ነበር። ካምፕ ያቆማሉ፣ ይነሣሉ፣ ሌላ ቦታ ይተክላሉ። ‹ከተማ› የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ ንጉሡ የሰፈረበት ቦታ ነበር፤ ከተመ ማለት ሰፈረ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ልጨምር። ‹ደብተራ› በግእዝ ድንኳን ነው፤ ደብተራ ኦሪት እንደሚባለው። ዛሬ ግን ደብተራ ሲባል ድንኳን የሚታየው ሰው የለም፤ ዝማሜ የሚዘምመው፣ ጥምጣም የጠመጠመው ሊቅ ነው የሚመጣብን።

ካስልና ፓላስ ላይ ደረስን። ፓላስ የመጣው ከአንድ ኮረብታ ስም ነው። ሮም ውስጥ ፓላቲን የሚባል ኮረብታ አለ፤ አውግስጦስ ቄሣር የኖረው እዚያ ነው፣ ተከታዮቹም ቤታቸውን እዚያው ሠሩ። የኮረብታው ስም የንጉሥ ቤት ስም ሆነ። ካስል ደግሞ ከላቲን ‹ካስተለም› ነው፤ ትንሽ ምሽግ። አንዱ በመኖሪያነት ይጠራዋል፣ አንዱ በመከላከያነት። በጥሬው ይሄ ነው ልዩነቱ።

ችግሩ ሰዎች በጥሬው አይጠቀሙበትም። ፈረንሳዮች ቬርሳይን ‹ሻቶ› ይሉታል። ሻቶ የካስል ወንድም ቃል ነው። እንግሊዞች ያንኑ ቬርሳይ ‹ፓላስ› ይሉታል። አንድ ቤት፣ ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ቃል። ሻቶ ደግሞ በዚያ አያበቃም። ቦርዶ አካባቢ የወይን እርሻ ሁሉ ሻቶ ነው፤ ቤቱ ተራ የገበሬ ቤት ቢሆንም። ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ‹የውሃ ሻቶ› ይሉታል። ኢጣሊያኖች ‹ፓላዞ› ሲሉ የመሳፍንት ቤትም ይሆናል፣ ሃያ ቤተሰብ የተከራየው ፎቅም ይሆናል። የላቲኑ ምሽግ ወደ ዐረብኛም ገብቶ ‹ቀስር› ሆነ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ቤተ መንግሥት ነው። የግብጹ ሉክሶር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ‹ቀስሮቹ› እንደ ማለት።

እንግዲህ ጀርመናዊው። በእሱ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉ። ‹ቡርግ› ምሽግ ያለው፣ ለመከላከል የተሠራው ነው። ‹ሽሎስ› መኳንንት በምቾት የሚኖሩበት ነው። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ካስል ብሎ ይጠቀልላቸዋል። እንግዳሽ ‹ካስል› ሲባል ቡርግ ታየው፤ የመጣው ግን ሽሎስ ጋ ነው። ሲያፋጥጥሽ ‹ኖይሽቫንሽታይንስ?› በዪው። ባቫርያ ተራራ ላይ ያለው፣ ፖስት ካርዱ ሁሉ ላይ የሚታየው ነጭ ቤት ነው። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ያኔ መድፍ ባለበት ዘመን በግንብ ከበባ የሚመክት ማንም አልነበረም። ለንጉሥ ሉድቪግ የተሠራ የሕልም ቤት ነው። ጀርመኖቹ ሽሎስ ይሉታል፣ እንግሊዝኛው ካስል ይለዋል፣ ዓለምም ተቀብሏል። ከሳቀ ጉርሻ አለሽ።

ለፋሲል ግንብ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች አሉት፣ አናቱ ጥርስ ጥርስ ተደርጓል። መልኩ የካስል ነው። ነገር ግን በረንዳው፣ ደረጃው፣ ትልልቅ መስኮቱ ለኑሮና ለክብር የተሠራ ቤት መሆኑን ይመሰክራሉ። ስለዚህ አንዱን ሕንጻ ለይተሽ ስታሳዪ ‹ካስል› ማለትሽ ነውር የለውም፤ ሰው የለመደው ነው። ጠቅላላውን ስትጠሪ ግን ‹ግቢ› በይ። ‹ፓላስ›ን ሥራውን ስትተርኪ ተጠቀሚበት፦ እዚህ ግብር ይበላ ነበር፣ እዚያ ይፈረድ ነበር ስትዪ።

ጦርነቱ የታለ ላለሽ ሰው አንድ ያልጠበቀው መልስም አለ። ጦርነት ደርሶበታል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ። ኢጣሊያኖች ግቢውን ይጠቀሙበት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። የኢያሱ ቤት ላይ የምታዪው ጉዳት ከፊሉ ከዚያ ነው። ከዚያ በፊትም በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል።

ወደ ውስጥ እንግባ፤ እዚህ ላይ አማርኛ ሀብታም ነው። እልፍኝ የባለቤቱ የግል ክፍል ነው፤ እንግዳ ዝም ብሎ አይገባበትም። እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹመት የነበረው ለዚህ ነው፤ ሥራው ስሙ ላይ ተጽፏል። አዳራሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሰው እንዲገባበት፣ ግብር እንዲበላበት፣ ጌትነት እንዲታይበት የተሠራ ነው። አንድ ባላባት ‹ባለ እልፍኝ ባለ አዳራሽ› ከተባለ የሚደበቅበትም የሚታይበትም ቤት አለው ማለት ነው። ዛሬ እልፍኝ ከከተማ ጠፍቷል፤ ‹መኝታ ቤት› ወስዶታል። አዳራሽ ግን ሥራ አላጣም። ‹ሰርጉ በአዳራሽ ነው በዳስ?› ብሎ ያልጠየቀ ዘመድ አለ?

ሰገነት የግእዝ ነው፤ ከፍ ብሎ ሆኖ ወደ ሕዝብ የሚታይበት። ደርብ ‹ደረበ› ከሚለው ነው፤ ቤት በቤት ላይ። ፎቅ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ‹በላይ› ማለት ብቻ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሰገነት ለቅኔና ለታሪክ፣ ፎቅ ለኪራይ።

ግእዙ ውስጥ ከወረድን ‹ጽርሕ› አለ፤ ታላቅ አዳራሽ፣ ከፍ ያለ ቤት። ጽርሐ አርያም ስንል የምንሰማው እሱ ነው። ‹ማኅደር› ደግሞ ማደሪያ ነበር፤ ማኅደረ ማርያም የሚባል አገር አለን። ዛሬ ቢሮ ገብተሽ ‹ማኅደሬን አምጡልኝ› ብትዪ የሚመጣልሽ ፋይል ነው። የቅዱሳን ማደሪያ የወረቀት ማደሪያ ሆነ።

‹ቤት› ራሱ ጎንደር ውስጥ ሰፈር ያህላል። እጨጌ ቤት ሲባል መጀመሪያ የእጨጌው መኖሪያ ነው። በኋላ ዙሪያው ሁሉ በዚያ ስም ተጠራ፤ ሰው ሸሽቶ የሚጠጋበት፣ ንብረቱን የሚያስጠብቅበት ሰፈር ሆነ። አቡን ቤትም እንደዚያው። እንግሊዝ አገር የጳጳስ መኖሪያ ‹ፓላስ› ይባላል። የእኛዎቹ ‹ቤት› ብለው ነው የተዉት፤ ክብሩን የሚሸከመው ከፊቱ ያለው ስም ነው።

ትልልቅ ቃላት ሲወርዱም ይወርዳሉ። በጣም የምወደው ምሳሌ ኪዮስክ ነው። ከፋርስና ከቱርክ ‹ኮሽክ› ነው የመጣው፤ በአትክልት ወይም በውሃ መሐል የሚሠራ የሱልጣን ማረፊያ ቤት። የቱርክ ፕሬዚዳንቶች ለብዙ ዓመት የኖሩበት የአንካራው ቻንካያም ኮሽክ ነው የሚባለው። ቃሉ አውሮፓ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ ማስቲካና የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት የቆርቆሮ ሱቅ ሆነ። ጎንደር ውስጥ ትክክለኛ ኮሽክ ማየት ከፈለግሽ ቀሃ ወንዝ ዳር ሂጂ፤ የፋሲል መዋኛ መሐል የቆመው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለጥንቱ ትርጉም ከማንም በላይ ይቀርባል። ጥምቀት ዕለት ዙሪያው በውሃ ሲሞላ ለእንግዶችሽ አሳዪያቸው። ሆቴልም እንዲሁ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ድሮ የመኳንንት የከተማ ቤት ነበር፤ አሁንም ማዘጋጃ ቤታቸውን ‹የከተማው ኦቴል› ይሉታል። እኛ ጋ ደግሞ አንድም አልጋ ሳይኖረው ሽሮና ጥብስ እየሸጠ ሆቴል የሚባል ስንት አለ!

እንግዲህ አጎትሽ። ማንሽን ይቅርበት። ቃሉ ከላቲን ‹መቆየት› ነው፤ ጥንት ማደሪያ ማለት ብቻ ነበር። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ የተናገረውን የእኛ መጽሐፍ ‹በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ› ይለዋል። የድሮው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ ‹ማንሽን› ብሎ ነው የጻፈው። ዛሬ ያንን የሚያነብ ሰው ገነት ውስጥ ባለ መዋኛ ግዙፍ ቤት ይታየዋል፤ የእኛው ትርጉም ይሻላል። ዛሬ አሜሪካዊ ‹ማንሽን› ካየ የሚጠብቀው የቱጃር ቤት ነው። ጃፓናዊ ካየ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው የሚመስለው፤ ጃፓን ውስጥ ማንሽን ማለት የአፓርታማ ቤት ነውና። ለሁለቱም አይሆንም።

ቪላ ይሻላል፤ ግን ለማን እንደሚጽፍ ይወቅ። በላቲን ቪላ የእርሻ ቤት ነበር፤ ጌታው ከከተማ ወጣ ብሎ የሚያርፍበት፣ ከነመሬቱ። እኛ የወሰድነው ከኢጣሊያኖች ነው፤ ፒያሳን እንደወሰድነው። ወስደን ግን የራሳችን አደረግነው። አማርኛ ላይ ቪላ ማለት ከጎረቤት ያልተጣበቀ፣ የራሱ ግቢ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ፎቅ የሌለው ቤት ነው። ደላላ ‹ቪላ ከነሰርቪሱ› ሲልሽ ዋናው ቤትና ከኋላ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች ወዲያው ይታዩሻል። ጎንደር ላይ ላለ ተከራይ ቪላ ሲባል ይገባዋል። ከአውሮፓ ለሚመጣ ቱሪስት ግን ቪላ የእረፍት ቤት ነው፤ መዋኛ ይኖረዋል ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ መዋኛው ቀሃ ነው ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ በአማርኛው ‹ቪላ› ይበል፣ በእንግሊዝኛው ‹ሙሉ ቤት ከነግቢው› በሚል ይጻፍ፤ የመኝታ ክፍሉን ቁጥር፣ መኪና ማቆሚያ መኖሩን፣ ከአየር ማረፊያው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጨምር። አዘዞ መሆኑ ለአየር ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ያ ከየትኛውም የስም ጌጥ የበለጠ ይሸጥለታል። ሮቶ ካለውም መጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፈው፤ እንግዳ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠይቀው ስለ ውሃ ነው።